መርፌ፣ ሌዘር ወይስ ቢላ? ፕላስቲክ ሰርጀሪ ለሚያስቡ የአዲስ አበባ ሰዎች ማነጻጸሪያ

የግራ እጄ ሦስት ጣቶች እስከ 27 ዓመቴ ድረስ ታጥፈው ነው የኖሩት። አራት ዓመቴ ላይ፣ ሠራተኛ ሰፈር ቤታችን ውስጥ፣ ቡታጋዝ ላይ የተጣደ ውኃ ተገለበጠብኝ። ቁስሉ ዳነ፤ ሲድን ግን ቆዳው እየተኮማተረ ጣቶቼን ወደ መዳፌ ስቦ አስቀራቸው። ከ23 ዓመት በኋላ ኦፕራሲዮን ሆኜ ተፈቱ። የመጀመሪያው ድሌ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፦ ሲኒውን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ከጀበናው ቡና መቅዳት።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው ሁሉ ደሞዝ የሌላት አማካሪ አድርጎ ሾሞኛል። በቴሌግራም ፎቶ ይላክልኛል፤ ጆሮ፣ ሆድ፣ አንገት፣ የቆየ ጠባሳ። ጨዋታው ሁልጊዜ በዋጋ ይጀምራል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምመልሰውም በጥያቄ ነው፦ «ካልወደድሽው ወደ ነበረበት ይመለሳል?» ቅባት ይተዋል፣ መርፌ ይቆማል፣ የሌዘር ቀጠሮ ይሰረዛል። የተቆረጠ ቆዳ ግን ተቆረጠ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው። ሚዛኔ ወደ ትንሹ እርምጃ ያደላል፤ አልክድም።

ላስቲክ የለውም

ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን አክስቴ እጄን አገላብጣ አይታ «ላስቲኩን የት ጋ ነው ያደረጉልሽ?» አለችኝ። ላስቲክ የሚባል ነገር የለም። «ፕላስቲክ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ መቅረጽ፣ ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው፤ ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን እንደምታደርገው። ሙያው የአሁኑን መልኩን የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ኒውዚላንድ የተወለደው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ አገር ሲድከፕ በተከፈተው ሆስፒታል ፊታቸው በጥይትና በፍንዳታ የፈረሰ ወታደሮችን ሲጠግን ኖረ። ለእነዚያ ፊቶች የተፈለሰፈው ብልሃት ነው ከጦርነቱ በኋላ ለውበት መዋል የጀመረው። ጥገናውና ውበቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለወግ አይደለም። በኛም ከተማ ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል የተቃጠለ ሕፃን አንገት ሲፈታ የዋለ ሐኪም፣ ማታ በግል ክሊኒክ ሆድ ሲያስተካክል ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ሐኪም ስታማርጡ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተለጠፈው «በፊት» እና «በኋላ» ፎቶ ይልቅ ሰውየው ቃጠሎ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የተጎዳ እጅ በመጠገን ስንት ዓመት እንደቆየ ጠይቁ። የፈረሰ ነገር መጠገን የለመደ እጅ፣ ነገር ሲበላሽ አይደናገጥም።

በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ደግሞ እንደሚወራው ከፍ ያለ አይደለም። ጡቷ በጣም ከብዶ ትከሻዋ ላይ የጡት መያዣው ገመድ ቦይ የሠራባት፣ ጀርባዋን ዓመት ሙሉ የሚያማት ሴት ጡቷን ብታስቀንስ ውበት ነው ሕክምና? አፍንጫው ተሰብሮ የተጣመመበትና በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚተነፍስ ልጅስ? ጥያቄው የኪስም ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለውበት ተብሎ የሚደረግን ሕክምና አይሸፍንም። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «አያምርም» ከማለት በፊት የሚከለክላችሁን ነገር ተናገሩ፦ ያማል፣ አይታጠፍም፣ አይዘጋም፣ አያስተነፍስም። ካርዳችሁ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው።

የቃጠሎ ጠባሳ

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ልቀመጥ፤ ሰፈሬ ነው።

አንዳንዱ ጠባሳ የሚታይ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚይዝ ነው። የሚታየው ጊዜ አለው። ጠባሳ እየለሰለሰ፣ እየተኛ፣ ቀለሙ እየረጋ የሚሄደው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ስለሆነ በአራተኛው ወር ጉልህ፣ ቀይና የሚያሳክክ መሆኑ ብቻውን ለቢላ ምክንያት አይሆንም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሸት፣ የሲሊኮን ሽፋን መለጠፍ፣ ጠበቅ ያለ ልብስ መልበስና ከፀሐይ መከለል ይሞከራል። እነዚህ ሁሉ ሲተዉ የሚተዉ ናቸው።

የሚይዘው ጠባሳ ሌላ ነው። መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ከሆነ መጠበቅ ራሱ ጉዳት ነው፤ በተለይ ልጅ ላይ። ልጁ ያድጋል፣ ጠባሳው አያድግም፤ አጥንቱ በታሰረበት ቅርጽ ይቀራል። የዐይን ቆብ ተስቦ ዐይን አልከደን ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም፤ የዐይኑ ብሌን እየደረቀ ሊቆስል፣ ብርሃንም ሊጠፋ ይችላል።

ለሚይዘው ጠባሳ የሚቀርቡት አማራጮች በግርድፉ ሦስት ናቸው። ቀጭን የገመድ ዓይነት ጠባሳ ከሆነ ሐኪሙ በዚግዛግ ቆርጦ አቅጣጫውን በመቀየር ያረዝመዋል፤ ከሌላ ቦታ ቆዳ መውሰድ ሳያስፈልግ ያልቃል። ሰፊ ከሆነ ጠባሳው ተሰንጥቆ ይለቀቅና በተከፈተው ቦታ ላይ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ቆዳ ይለጠፋል። ይህም ሁለት መልክ አለው። ከጭን በስሱ የሚላጥ ቆዳ በቀላሉ ይይዛል፣ ሰፊ ቦታም ይሸፍናል፤ በኋላ ግን የመኮማተር ጠባዩ የከፋ ነው። ከብሽሽት አካባቢ በሙሉ ውፍረቱ የሚወሰድ ቆዳ ለመያዝ ይቸገራል፤ ከያዘ ግን ብዙም ስለማይኮማተር ለፊትና ለመዳፍ ይመረጣል። ሦስተኛው ቆዳውን ከነደም ሥሩ አዙሮ ማምጣት ነው፤ አጥንት ወይም ጅማት ለተጋለጠበት ቦታ የሚደረግ ትልቅ ሥራ ነው።

ለኔ የተደረገው ከብሽሽት የተወሰደው ነው። መዳፌ ላይ ከዙሪያው የጠቆረ፣ የሽሮ ቅርፊት የመሰለ ቁራጭ አለ። ሐኪሜ ገና ከመጀመሪያው ጠባሳ እንደማያጠፋ፣ ጠባሳን በሚሻል ጠባሳ እንደሚተካ ነግሮኝ ነበርና አልተከፋሁም። ያልተዘጋጀሁበት ነገር ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው ነው፦ ወራት ሙሉ ማታ ማታ ጣቶቼን የሚዘረጋ ድጋፍ አስሬ ተኛሁ፤ በሳምንት ሁለቴ ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ፤ ከሥራ ቦታዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ከጎኔ አልጋ የነበረችው ልጅ ከኔ የተሻለ ኦፕራሲዮን ተደርጎላት ነበር፤ ክፍለ ሀገር ገብታ መመላለስ ስላልቻለች ከዓመት በኋላ እጇ ተመልሶ ታጥፎ አገኘኋት። ሐኪም ስትመርጡ ፊዚዮቴራፒስቱንም አብራችሁ ምረጡ፤ ለቤታችሁ ቅርብ ይሁን።

ኬሎይድ፦ ክንዳችሁን ተመልከቱ

ከኛ መካከል ብዙዎቹ ክንዳቸው ላይ በሕፃንነት የተከተቡት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት አለ። አሁኑኑ እዩት። ጠፍጣፋ ወይም ጎድጎድ ያለ ከሆነ መልካም። ጠንክሮ፣ አብጦ፣ ከመርፌው ቦታ አልፎ የተስፋፋ ከሆነ ግን ሰውነታችሁ ቁስልን አብዝቶ የመጠገን ጠባይ እንዳለው ፍንጭ ነው። ጆሮ የተበሳበት፣ ደረት ላይ ብጉር የፈረጠበት፣ በምላጭ የተላጨ አገጭና ማጅራት ሁሉ ያው ፍንጭ ይሰጣሉ። እንዲህ ከቁስሉ ቦታ አልፎ የሚያብጠው ጠባሳ ነው ኬሎይድ የሚባለው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ በቤተሰብም ይወርዳል። በውጭ አገር ስለተሠሩ ሰዎች የምታነቡት ውጤት እናንተ ላይ በቀጥታ የማይሠራበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ሁለተኛ ቀዳዳ ጆሮዋን ተበስታ፣ በዓመቱ ባቄላ የሚያህል እብጠት አበቀለች። ምኞቷ አንድ ነበር፦ ተቆርጦ ይውጣልኝ። በጣም ፈጣኑ፣ በጣም አጥጋቢ የሚመስለው፣ በኔ ሚዛን ደግሞ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ብቻውን የተቆረጠ ኬሎይድ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሰዎች ላይ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲመለስ ደግሞ ከበፊቱ ገዝፎ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት እብጠቱ ውስጥ በሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ ነው፤ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ፣ ለተወሰኑ ወራት። ያማል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዙሪያውን ሊያነጣውም ይችላል፤ ግን በማንኛውም ቀን ማቆም ይቻላል። በቅዝቃዜ ማቃጠልም አለ፤ ለትንንሾቹ ይሠራል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ምልክት ጥሎ የመሄድ አመል ግን አለው።

መቁረጥ ካስፈለገ ከመርፌ፣ ጆሮን ተጭኖ ከሚይዝ ጉትቻ ወይም ከጨረር ጋር ተዳብሎ ነው። ጨረሩ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ይህ በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው፤ በከተማችን የጨረር ሕክምና ወረፋ ለካንሰር ሕሙማን እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ «ቆርጠን ጨረር እንሰጥሻለን» ያላችሁ ሰው ካለ ጨረሩን የት፣ በስንተኛው ቀን እንደምታገኙ ቀድሞ ይንገራችሁ። ባልደረባዬ አሁን አምስተኛ መርፌዋ ላይ ናት። ባቄላው ወደ ምስር ወርዷል።

የኬሎይድ ጠባይ ያለው ሰው ስለ ሆድ፣ ስለ ጡት፣ ስለ ማንኛውም ለውበት የሚደረግ ኦፕራሲዮን ሲያስብ ሒሳቡ ይቀየራል። የተሸበሸበ ሆድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚያሳክክ ገመድ ግን ከልብስ በታችም እንቅልፍ ይነሳል።

የአክስቴ አንገት

ያቺው የላስቲኳ አክስቴ ጎጃም ተወልዳ በልጅነቷ አንገቷን በንቅሳት ያሳመሩላት ናት። ሰባ ሊሞላት ሲል «ይውጣልኝ» አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሦስት መንገድ አለ። በመንደር የሚሸጥ ንቅሳት አጥፊ ቅባትና አሲድ ቆዳውን አቃጥሎ ንቅሳቱን በጠባሳ የሚለውጥ ስለሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ። ትንሽ ንቅሳት፣ ለምሳሌ ክንድ ላይ የተጻፈች ስም፣ ተቆርጣ ልትሰፋ ትችላለች፤ አንድ ቀጠሮ፣ አንድ መስመር ጠባሳ። ለሰፊው የሚሻለው ሌዘር ነው። ለጥቁር ቆዳ የሚስማማው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የኤንዲ ያግ ሌዘር ነው፤ ከቆዳው ቀለም ይልቅ የጠለቀውን ጥቁር ቀለም ስለሚመታ የማንጣት አደጋው ያንሳል። ክሊኒክ ስትደውሉ የማሽኑን ዓይነት በስሙ ጠይቁ። መልሱ «ዘመናዊ የአውሮፓ ሌዘር» ከሆነ ስልኩን ዝጉ፤ ለፀጉር ማስወገጃ የተሠራ ማሽን ንቅሳት ላይ ሲተኮስ ቆዳ ያቃጥላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ በጥላሸትና በእሾህ የተሠራ የአገር ቤት ንቅሳት ዛሬ በማሽን ከሚሠራው ባለብዙ ቀለም ንቅሳት ቶሎ ይለቃል። ቀጠሮው በስድስትና በስምንት ሳምንት ልዩነት ነው። አክስቴ ሦስቴ ከሄደች በኋላ ተወችው። አሁን አንገቷ ላይ ያለው ጥለት የታጠበ ነጠላ ጥበብ ይመስላል። «ይበቃኛል» አለች። ማቆም ይቻላል ያልኳችሁ ይህን ነው።

ሆድ

ሦስት የወለደች ጓደኛዬ በየሳምንቱ የምታነሳው ርዕስ ነው፤ የምታነጻጽረው ግን የማይነጻጸሩ ነገሮችን ነው። ስብ መምጠጥ፣ ማለትም ሊፖሰክሽን፣ ስብ ብቻ ያወጣል። የላላ ቆዳ አይሰበስብም፤ እንዲያውም ከሥሩ ያለው ሲጎድል ቆዳው የባሰ ሊንጠለጠል ይችላል። የክብደት መቀነሻም አይደለም። በአንድ ጊዜ ከአምስት ሊትር በላይ ማውጣት «ከፍተኛ መጠን» ተብሎ በሆስፒታል አድሮ መከታተልን የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ «አሥር ሊትር አውጥተን ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሽሹ።

ሆድን ቆርጦ ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው። ትርፍ ቆዳው ይነሳል፣ በእርግዝና የተለያየው የሆድ ጡንቻ ወደ መሀል ተሰፍቶ ይጠጋል፣ እንብርቱ ቦታው ይስተካከላል። ሙሉ ማደንዘዣ አለው። ከዚያ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ጓደኛዬን ያቆማት ይሄ ነው፤ የመጨረሻው ልጇ ዓመት ከመንፈቁ ሲሆን ካልታዘለ አይተኛም። ሌላ መውለድ የምትፈልግ ሴት ደግሞ ብትጠብቅ ይሻላል፤ ቀጣዩ እርግዝና የተሰፋውን ይለጥጠዋል። ክብደት ለመቀነስ እየሞከሩ ያሉም ክብደታቸው ለስድስት ወር ያህል አንድ ቦታ እስኪረጋ ቢቆዩ ነው የሚመከረው።

ሦስተኛውን አማራጭ ማንም አያስተዋውቀውም፤ ትርፍ የለውማ። ሆዷ «አልገባ» ያላት ብዙ ሴት ችግሯ ስብ አይደለም፤ የጡንቻው መለያየት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄዶ ክፍተቱን በጣት አስለክቶ ለወራት ትክክለኛ እንቅስቃሴ መሥራት ክፍተቱ ትልቅ ያልሆነባትን ሴት ከቢላ ያተርፋታል። ትልቅ ሆኖ ጀርባዋን የሚያማት፣ ሆዷን መደገፍ ያቃታት ከሆነች ግን ኦፕራሲዮኑ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ቁመናዋም ጀርባዋም ይቀላል። እንዲህ ላለችው ሴት «በዕድሜሽ ምን አደከመሽ» የሚሏትን አልወድም።

ስለ መቀመጫ ማስተለቅ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ከሆድ የተወሰደ ስብ መቀመጫ ውስጥ ሲወጋ ወደ ትልልቅ የደም ሥሮች ገብቶ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የባለሙያዎች ግምት ከ3,000 ሰው አንዱ ይሞታል የሚል ነበር፤ ለውበት ከሚደረጉት ሁሉ ገዳዩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስቡን ከጡንቻው በላይ ብቻ መውጋት ግዴታ እየሆነ በመምጣቱ አደጋው ቀንሷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አይሆንም።

ፊትን በተመለከተ፣ ባጭሩ

ቦቶክስ፣ ጡንቻን አላልቶ የፊት መጨማደድን የሚቀንሰው መርፌ፣ ሦስት አራት ወር ቆይቶ ይጠፋል። ፊለር፣ ማለትም ከንፈርን ወይም ጉንጭን ለመሙላት ከቆዳ ሥር የሚወጋው ነገር፣ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ከሆነ በሌላ መርፌ ማሟሟት ይቻላል፤ ከሲሊኮን ከሆነ ግን አብሮ መቀበር ነው። ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዐይንም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ካስክ ሥር ተቀምጣችሁ ከንፈራችሁን አታስወጉ። የሚወጋው ሰው ሐኪም መሆኑን፣ ጠርሙሱ ፊታችሁ መከፈቱን፣ ማሟሟቻው መድኃኒት በእጁ መኖሩን አረጋግጡ።

አፍንጫችሁ ትልቅ የመሰላችሁ በሰልፊ ከሆነ ስልኩን አርቁት። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ፎቶ አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ከዚህ በኋላም ከጸናችሁ፣ የተሠራ አፍንጫ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ እውነተኛ ቅርጹ የሚታየው ከዓመት በኋላ መሆኑን አስቡ። ለሠርጋቸው ሁለት ወር ሲቀራቸው የሚጠይቁኝ አሉና ነው።

የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ ማነጻጸር አያስፈልገውም። በዓለም ደረጃ ከ700 ገደማ ሕፃናት አንዱ ይዞት ይወለዳል፤ ከንፈሩ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ፣ ላንቃው ንግግር ሳይበላሽ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ቢሠራ ይመረጣል። በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ድጋፍ በነፃ የሚሠራበት ዕድል አለ። የምታውቁት ቤተሰብ ልጁን ደብቆ ከሆነ ሄዳችሁ ንገሯቸው።

የት ይሻላል?

ከመሀል ከተማ ሳትወጡ ሁለት ትልልቅ የመንግሥት በሮች አሉ። ስድስት ኪሎ ከሰማዕታት ሐውልት አጠገብ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምናና በጥገና ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ጥቁር አንበሳ አለ። ራቅ ሲል ወደ ጅማ መንገድ፣ ዘነበወርቅ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተመሠረተው አለርት አለ፤ በሥጋ ደዌ የደነዘዙ እጆችንና እግሮችን በመጠገን የቆየ ልምድ ያለው ቤት ነው። የመንግሥቱ ጥቅም ቡድኑ ነው፤ ማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ደም ባንኩ፣ ነርሱ፣ ፊዚዮቴራፒው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ዋጋውም ይቻላል። ጉዳቱ ወረፋው ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ፣ በጠዋት ካርድ ክፍል ተሰልፋችሁ የምታገኙት ቀጠሮ ወራት ሊሄድ፣ የደረሰውም አጣዳፊ ሕመምተኛ ሲገባ ሊገፋ ይችላል። የኔ ሁለቴ ተገፍቷል። ውበት ብቻ ለፈለገ ሰው ይህ በር አይመችም፤ ተገቢም ነው።

የግሉ ቶሎ ያስተናግዳል፣ ክፍሉም ንጹሕ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ አንድ ቁጥር ይነገራችኋል፤ እሱን ፈልፍሉት። ማደንዘዣ ሐኪሙ፣ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ቁስል መጥረጉ፣ ውጤቱ ካልተስተካከለ የሚደገመው ሥራ ውስጡ አለ? ከባዱ ነገር ቢመጣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አላቸው ወይስ በአምቡላንስ ወዴት ይልኳችኋል? የተቋሙ ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት፤ የሐኪሙ ፈቃድ ላይ ደግሞ የተጻፈው ስፔሻሊቲ ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መሆኑን አንብቡ። «የውበት ሐኪም» ብቻውን ስፔሻሊቲ አይደለም።

ወንድሜ ፀጉሩን ሊያስተክል ኢስታንቡል ሄዶ መጣ። ለፀጉር አልፈርድበትም፤ በቦታ ማደንዘዣ የሚሠራ፣ ቁስሉም ትንንሽ ነው። የተተከለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረግፎ ውጤቱ እስከ ዓመት እንደሚቆይ ግን ማንም ስላልነገረው ሁለት ወር ኮፍያ አላወለቀም። ለሆድ፣ ለጡት፣ ለትልልቁ ሥራ ውጭ መሄድን በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝነው፦ በአሥረኛው ቀን ስፌቱ ቢከፈት ማን ይነካዋል? ቦሌ ከወረዳችሁ በኋላ የሌላ ሰው ሥራ ለመክፈት የሚደፍር ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። ከትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ ለሰዓታት አውሮፕላን ላይ መቀመጥም እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። የሆቴሉን ቀናት ለመቆጠብ ተብሎ በአራተኛው ቀን የሚገዛ ትኬት ርካሽ አይደለም።

ከመተኛታችሁ በፊት

ሲጋራም ሺሻም ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ይቁም፤ ደም ሥር ስለሚያጠብ የተለጠፈ ቆዳ ይሞታል። አስፕሪን፣ በብዛት የሚበላ ነጭ ሽንኩርትና ማንኛውም የአገር መድኃኒት ለሐኪሙ ይነገር። በዓቢይ ጾም መሀል ቀጠሮ ባታስይዙ ጥሩ ነው፤ ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል። እናቴ ንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ እንኳ እንቁላሉን ስታቀርብልኝ ፊቷን ታዞር ነበር። ጸበል የምትሄዱም ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ መጠመቁ ይቆያችሁ፤ የራሰ ስፌት ያመረቅዛል።

ማን ይጠቀማል የሚለውን ከአልጋ ጎረቤቶቼ ነው የተማርኩት። ችግሩን በጣቱ አመልክቶ «ይህ» የሚል፣ ለዓመታት ያው «ይህ» የሆነበት ሰው ተደስቶ ይወጣል። ባሏ «ተሠሪ» ስላላት፣ ወይም በየወሩ የሚያስጠላት የአካል ክፍል ስለሚቀያየር የመጣች ሴት፣ ሥራው ቢያምርም ስትወጣ ሌላ ነገር አግኝታ ነው። መስታወት ፊት ሰዓታት የሚያቆም ጭንቀት ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ሐኪሙም የሥነ አእምሮ ነው።

ለኔም ከዓመት በኋላ ሁለተኛ ሥራ ቀርቦልኝ ነበር፤ የመዳፌን የጠቆረ ቁራጭ ማስተካከል። አሰብኩበት፤ ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ምልክት አየሁ፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ይቻል ነበር። ተውኩት። ጓደኛዬ ግን ሐሙስ ስድስት ኪሎ ቀጠሮ አላት፤ ስለ ጡንቻው ክፍተት። ልጁን እኔ ነኝ የማዝልላት።